መልስ እስኪመጣ

ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከምስር ጅምላው በላይ፣
የደብረ ብርሃን ብርድ ቀድሞኝ ሲቀመጥ ኪቦርዱ ላይ፣
የትኬቱን ገጽ ጻፍኩት፤ አጭር ነበር ነገሩ፤
ሲነኩት የሚነቃ፣ ሲተዉት መተኛት ግብሩ።
ጭጋግ ካለ በጣርማበር፦ «ዛሬ መንገድ የለም» በል፤
ከሌለ፦ ትኬት ቁረጥ፣ የወንበር ቁጥር አድል።
ሁለት መስመር።
«እንዲህ ያለውን በእንቅልፌም እጽፋለሁ»
ብዬ ለትኬት ቆራጯ ለአስካለ ፎክሬአለሁ።

ጭጋጉን የሚነግረን ደምሰው ነው፣ የዋሻው አፍ ዘበኛ፤
ስልኩ ላይ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፤ ከዚያ የለም ሌላ ዳኛ።
እሱ ይጫናል፣ ገጼ ይሰማል፣
መኪናው ይወጣል ወይ ይቀራል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።
ሾፌሩ ማንያዘዋል ገጹን አየ፤ ይላል «ክፍት»።
ሠላሳ አንድ ሰው ጫነ፤
አንዷ ጨቅላዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣
አንዱ የመንዝ በግ ቆዳ ሊያደርስ፣
አንዱ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሊያመጣ፣
አንዱ እንዲሁ።
ጣርማበር ላይ ጭጋጉ ዋጣቸው።
የፊት መብራቱ ሁለት ክንድ ሄዶ ተመለሰ።
እዚያው አደሩ።
ማንም አልሞተም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣
ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሌሊቱን ኮዱን ሳገላብጥ አንድ ስህተት አጣሁበት።
«ከሆነ» አለ። «ካልሆነ» አለ። ቅንፉ ተዘግቷል፤
ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር በቦታዋ ናት።
እንግዲያው ደምሰው ነው አልኩ፤
ተኝቶ ነው፣ ጠጥቶ ነው፤
ረቡዕ ጠዋት ልጣላው ወጣሁ።

በላስቲክ ካፖርቱ ውስጥ ቆሞ
ስልኩን እንደ ጧፍ ወደ ላይ ይዞ አገኘሁት።
«ቀዩን ሦስት ጊዜ ነካሁት» አለ።
«አንድ ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል፣
አይሄድም።
እኔ ዝም አላልኩም፣ ልጄ። ያልሰማሽው አንቺ ነሽ።»

ገጼ ጠይቋል።
መልሱ ሳይደርስ ባዶ እጁን አይቷል።
ባዶውን «የለም» ብሎ አንብቦ፣
«ጭጋግ የለም» ብሎ ተርጉሞ፣
ሠላሳ አንድ ሰው አሳፍሯል።

እኔ በአማርኛ አፌን የፈታሁት፣
ግስ ከኋላ እንደሚመጣ እንዴት ረሳሁት?
አባቴ «ያን ቦቃ በሬ ገበያ ወስጄ፣ ለዚያ ለጎረቤታችን...» ሲል
እስኪጨርስ ትንፋሻችንን እንይዝ አልነበር?
ሸጠው ወይስ አልሸጠው፣
በሬው ያለው በ«አል» እና በ«ም» መሐል ነው።
ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይዞ የሚሮጥ
እሳት ሊጭር የመጣ ነው እንጂ ሰሚ አይደለም።

ደግሞስ ዝምታ በእኛ ዘንድ
እሺም አይደል፣ እምቢም አይደል።
ሽማግሌ ሄዶ ልጅ ሲጠይቅ
አባትየው መሬት መሬት ቢያይ
ድንኳን ተክሎ የሚጨፍር ማን ነው?
ለሳምንት ይቀጠራል እንጂ።

ሦስተኛ መንገድ ጨመርኩ፤
መልሱ እስኪመጣ፦ ቆይ።
ቢጫ ነው። «ከዋሻው ገና አልሰማንም» ይላል።
ትኬት አይቆርጥም፣ የተቆረጠውንም አይሰርዝም፤
በየሩብ ሰዓቱ መልሶ ይጠይቃል፤
አራት ጊዜ መልስ ካጣ ለአስካለ ይደውላል፣
እሷ ሞተር ሳይክል ያለው ጎረምሳ ትልካለች።
ሾፌሮቹ ይራገማሉ። ቢጫውን «ሰነፉ» ብለውታል፤
እኔንም ሳይሆን አይቀርም።

በቀደም ያቺ እናት ለትኬት መጣች፤
ልጇ ዳዴ ማለት ጀምሮ የመናኸሪያውን ጭቃ ይመረምራል።
ቢጫው በርቶ ነበር።
«ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?» አለቻት አስካለን።
ድምፅዋ ፎቅ ድረስ ወጣ።
መስኮቱን ከፍቼ ልመልስላት አልኩና
መልሼ ዘጋሁት።
ከጣርማበር ገና አልሰማንም።